ኤቢኤስ ፍሬን የሞተር ሳይክልና የስኩተር አሽከርካሪን ከአደጋ ያድናል?

ሚያዝያ ሲገባ የሚኒያፖሊስና የሴንት ፖል ጎዳናዎች ድምፅ ይለወጣል። ክረምቱን በየጋራዡ ተሸፍነው የቆዩ ሞተር ሳይክሎችና ስኩተሮች በረዶው ሲቀልጥ አንድ በአንድ ወደ አደባባይ ይወጣሉ። በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ዙሪያም ተማሪዎች ባለ 50 ሲሲ ትንንሽ ስኩተሮቻቸውን በየሕንጻው ደጃፍ መደርደር ይጀምራሉ።

ወቅቱ የግዢም ወቅት ነው። ወደ መሸጫ ሱቅ የገባ ሰው አንዳንድ ጊዜ በቀለም፣ በሞተርና በመልክ ፍጹም የሚመሳሰሉ ሁለት ተሽከርካሪዎች ጎን ለጎን ቆመው ያገኛል። የሚለያያቸው ሦስት ፊደላትና ጥቂት መቶ ዶላር ብቻ ነው። በአንደኛው ላይ ‘ኤቢኤስ’ የሚል ጽሑፍ አለ፤ በሌላኛው ላይ የለም።

መኪና ለሚገዛ ሰው ይህ ምርጫ አይቀርብለትም። በአሜሪካ ከ2012 ሞዴል ጀምሮ አዳዲስ የቤት መኪኖች በሙሉ መኪናው መስመሩን እንዳይስት የሚቆጣጠር ሥርዓት እንዲገጠምላቸው ሕግ ያስገድዳል፤ ይህም ሥርዓት የሚሠራው በኤቢኤስ ላይ ተመሥርቶ ነው። ለሞተር ሳይክል ግን እንዲህ ያለ የፌዴራል ግዴታ የለም። ውሳኔው የተተወው ለገዢው ነው።

ለመሆኑ ይህ ተጨማሪ ገንዘብ የሚያዋጣ ነው? ኤቢኤስ በሁለት ጎማ ላይ በእርግጥ ሕይወት ያተርፋል? የማይረዳበት ጊዜስ መቼ ነው?

ኤቢኤስ ምን ይሠራል?

ኤቢኤስ ፍሬን በኃይል ሲያዝ ጎማው መሽከርከሩን ጨርሶ እንዳያቆም የሚከላከል ሥርዓት ነው። በጎማው መሐል ጥርስ ወይም ቀዳዳ ያለው ቀለበት ይገጠማል። ከአጠገቡ ያለ ሴንሰር ደግሞ የቀለበቱን ጥርሶች እየቆጠረ ጎማው በምን ፍጥነት እንደሚሽከረከር ለአንድ ትንሽ ኮምፒውተር ያሳውቃል።

ተሽከርካሪው ገና እየተጓዘ ሳለ የጎማው ፍጥነት በድንገት ወደ ዜሮ መውረድ ከጀመረ፣ ኮምፒውተሩ ጎማው ሊቆለፍ መሆኑን ይረዳል። ወዲያውም ቫልቭ ከፍቶ የፍሬን ዘይቱን ግፊት ያቀልላል፤ ጎማው መሽከርከር ሲጀምር ግፊቱን ይመልሳል። ይህ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ደጋግሞ ይፈጸማል። አሽከርካሪው የሚሰማው በፍሬን እጀታው ላይ የሚመላለስ ንዝረት ብቻ ነው።

ሐሳቡ የመነጨው ከአውሮፕላን ነው። በ1950ዎቹ አውሮፕላኖች በእርጥብ መንደርደሪያ ላይ ሲያርፉ ጎማቸው እንዳይቆለፍ የሚከላከል መሣሪያ በብሪታኒያ ተሠርቶ ሥራ ላይ ውሎ ነበር። ይኸው መሣሪያ በ1958 በአንድ የሮያል ኢንፊልድ ሞተር ሳይክል ላይ ተሞክሯል፤ ሆኖም ለገበያ አልበቃም።

ለሕዝብ የተሸጠ ሞተር ሳይክል ላይ የኤሌክትሮኒክስ ኤቢኤስ የተገጠመው ከሠላሳ ዓመታት በኋላ፣ በ1988፣ በጀርመኑ ቢኤምደብሊው ኬ100 ላይ ነው። የያኔው መሣሪያ 11 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝን ነበር። ዛሬ ከአንድ ኪሎ በታች የሚመዝኑ ስላሉ ለትንሽ ስኩተር እንኳ ሸክም አይሆኑም።

በሁለት ጎማ ላይ ልዩነቱ ምንድን ነው?

ባለ አራት ጎማ መኪና ጎማዎቹ ቢቆለፉ ይንሸራተታል፤ መሪው አልታዘዝ ይላል፤ ነገር ግን በአብዛኛው ቆሞ ይቀራል እንጂ አይወድቅም። ሞተር ሳይክል ግን ሚዛኑን የሚጠብቀው ጎማዎቹ እየተሽከረከሩ መሬቱን በጎን በኩል ጭምር ጨብጠው እስከያዙ ድረስ ነው። የፊት ጎማው መሽከርከሩን ካቆመ ይህ የጎን ጭብጥ ይጠፋል። አሽከርካሪው ለማሰብ እንኳ ጊዜ ሳያገኝ መሬት ላይ ይገኛል።

ችግሩን የሚያከብደው ሌላም ነገር አለ። ፍሬን ሲያዝ የተሽከርካሪውና የአሽከርካሪው ክብደት ወደ ፊት ስለሚያደላ፣ በደረቅ አስፋልት ላይ አብዛኛው የማቆም ኃይል የሚገኘው ከፊት ጎማ ነው። ስለዚህ ሕይወት የሚያድነው ፍሬን በስህተት ሲያዝ የሚጥለው ፍሬን ራሱ ነው። አሽከርካሪዎችም ይህን ስለሚያውቁ ይፈሩታል።

ፍርሃቱ ምን እንደሚያስከትል በሰነድ ተይዟል። በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲው ሃሪ ኸርት የሚመራ የተመራማሪዎች ቡድን በሎስ አንጀለስ አካባቢ የደረሱ 900 ያህል የሞተር ሳይክል አደጋዎችን በየቦታው ተገኝቶ መርምሮ በ1981 ውጤቱን አሳተመ። ብዙዎቹ አሽከርካሪዎች አደጋው ሲመጣባቸው የኋላውን ፍሬን ከመጠን በላይ ይዘው ጎማውን አንሸራተዋል፤ ዋናውን የፊት ፍሬን ግን ከሚገባው በታች ነበር የያዙት። ከአደጋው ለማምለጥ የነበራቸው ጊዜም በአብዛኛው ሁለት ሰከንድ አይሞላም ነበር።

ሁለት ሰከንድ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ፣ በድንጋጤ መካከል፣ እጅ በትክክል መመጠን ያለበትን ኃይል እንዲመጥን መጠበቅ ከሰው አቅም በላይ ነው። ኤቢኤስ የሚሞላው ይህንን ክፍተት ነው።

በፍርሃት የሚረዝም ርቀት

ጉዳዩን በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። ሁለት አሽከርካሪዎች በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም በሰዓት 31 ማይል ገደማ፣ ጎን ለጎን ይጓዛሉ እንበል። በዚህ ፍጥነት በእያንዳንዱ ሰከንድ 14 ሜትር ያህል ይሄዳሉ። ድንገት አንድ መኪና ከፊታቸው ይታጠፋል፤ ሁለቱም በተመሳሳይ ቅጽበት ፍሬን ይይዛሉ።

የመጀመሪያው ኤቢኤስ ስላለው ሳይፈራ በሙሉ ኃይሉ ይይዛል። ፍጥነቱ በየሰከንዱ በ8 ሜትር በሰከንድ ቢቀንስ፣ በ12 ሜትር ውስጥ ይቆማል። ሁለተኛው ጎማው እንዳይቆለፍ ሰግቶ እጁን ያቅባል። ፍጥነቱ በየሰከንዱ በ5 ሜትር በሰከንድ ቢቀንስ፣ ለመቆም 19 ሜትር ያስፈልገዋል።

ልዩነቱ ሰባት ሜትር ነው፤ ትንሽ ይመስላል። ሆኖም የመጀመሪያው ፈጽሞ በቆመበት ቦታ ላይ ሁለተኛው ገና በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ገደማ እየሄደ ነው። የመጀመሪያው ደንግጦ ወደ ቤቱ ሲገባ ሁለተኛው በዚያ ፍጥነት ከመኪናው ጋር ይጋጫል።

ልምድ ያለው ሰው ያለ ኤቢኤስ በአጭር ርቀት መቆም አይችልም ማለት ግን አይደለም። በደረቅ አስፋልት፣ ቦታውን አስቀድሞ በሚያውቅበት የሙከራ ሜዳ፣ ደጋግሞ የተለማመደ ባለሙያ ከኤቢኤስ እኩል ወይም በትንሹ የተሻለ ውጤት ሊያመጣ ይችላል። ጎዳና ግን የሙከራ ሜዳ አይደለም። መሬቱ በየሜትሩ ይለዋወጣል፤ አደጋውም ቀጠሮ አይሰጥም።

ጥናቶች ምን አሳዩ?

በአሜሪካ ጉዳዩን ለረጅም ጊዜ የተከታተለው በመድን ድርጅቶች የሚደገፈው የአውራ ጎዳና ደኅንነት ተቋም ነው። ተቋሙ ኤቢኤስ በአማራጭነት የሚገጠምላቸውን ሞዴሎች መርጦ፣ መሣሪያው ያላቸውን ከሌላቸው ጋር አነጻጽሯል። በቅርብ ዓመታት ባወጣው ውጤት መሠረት፣ ከተመዘገቡት ተሽከርካሪዎች ብዛት አንጻር ኤቢኤስ ያላቸው ሞተር ሳይክሎች ሞት ባስከተሉ አደጋዎች ውስጥ የተገኙበት መጠን በ22 በመቶ ያነሰ ነው።

ይኸው ተቋም ቀደም ሲል ያወጣቸው ቁጥሮች ከፍ ያሉ ነበሩ፤ በመጀመሪያ 37 በመቶ፣ ቀጥሎም 31 በመቶ። ብዙ መረጃ በተሰበሰበ መጠን ቁጥሩ ቀንሷል። የጥቅሙ አቅጣጫ ግን አልተቀየረም።

በአውሮፓ በጣሊያን፣ በስፔንና በስዊድን የፖሊስ መዝገቦች ላይ የተመሠረተና በ2015 የታተመ ጥናትም ተመሳሳይ ድምዳሜ ላይ ደርሷል። ኤቢኤስ ጉዳት ያስከተሉ የሞተር ሳይክል አደጋዎችን በጣሊያን በ24፣ በስፔን በ29፣ በስዊድን ደግሞ በ34 በመቶ መቀነሱን አሳይቷል። ከባድ ጉዳትና ሞት ባስከተሉት ላይ የታየው ቅናሽ የበለጠ ነበር፤ በስፔን 34፣ በስዊድን 42 በመቶ።

በእነዚህ ቁጥሮች ላይ አንድ ተገቢ ጥያቄ ይነሳል። ለኤቢኤስ ተጨማሪ ገንዘብ የሚከፍል ሰው መጀመሪያውንም ጠንቃቃ ሊሆን ይችላል፤ ታዲያ ያዳነው መሣሪያው ነው ወይስ ጠባዩ? የአውሮፓው ጥናት ይህን ለመለየት የሞከረው ፍሬን ብዙም ለውጥ የማያመጣባቸውን የፊት ለፊት ግጭቶች እንደ መነጻጸሪያ በመውሰድ ነው። ኤቢኤስ ያላቸው አሽከርካሪዎች በእነዚህ ግጭቶች ካላቸው ድርሻ ጋር ሲነጻጸር በሌሎቹ አደጋዎች ያላቸው ድርሻ ካነሰ፣ ልዩነቱን በጠባይ ብቻ ማስረዳት ይከብዳል።

‘ኤቢኤስ ያለው ሰው ተማምኖ ይበልጥ ይፈጥናል’ የሚልም ክርክር አለ። አንዳንዶች ይህን ማድረጋቸው አይቀርም። ይሁን እንጂ ጥናቶቹ የሚቆጥሩት በመጨረሻ የደረሱትን አደጋዎች ነው። የድፍረቱ ዋጋ ተቀንሶ እንኳ ትርፉ ጎልቶ ይታያል።

ስኩተሮችስ?

‘ስኩተር’ የሚለው ቃል ዛሬ የተለያዩ ነገሮችን ስለሚጠራ በቅድሚያ መለየት ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው ተቀምጠው የሚነዱት ከ50 ሲሲ በላይ የሆነው ስኩተር ነው። በሚኒሶታ ሕግ ይህ እንደ ሞተር ሳይክል ስለሚቆጠር በመንጃ ፈቃድ ላይ የሞተር ሳይክል ፈቃድ መጨመር አለበት። ከላይ የተጠቀሰው የአውሮፓ ጥናት 250 ሲሲና ከዚያ በላይ የሆኑ ስኩተሮችን ለብቻቸው ተመልክቶ፣ ኤቢኤስ አደጋን በጣሊያን በ27፣ በስፔን በ22 በመቶ እንደቀነሰ አግኝቷል። የስፔን መረጃ ብቻ ሲታይ ከባድና ገዳይ አደጋዎች በ31 በመቶ ቀንሰዋል።

በአነስተኛ ስኩተሮች ላይ የሚገጠመው ኤቢኤስ ብዙ ጊዜ የሚቆጣጠረው የፊት ጎማውን ብቻ ነው። ይህ በቂ አይደለም የሚሉ አሉ፤ ነገር ግን በድንገት የሚጥለው የፊት ጎማ መቆለፍ ስለሆነ ዋናው አደጋ ተሸፍኗል ማለት ይቻላል። የኋላ ጎማ ሲቆለፍ ተሽከርካሪው ወደ ጎን ቢንሸራተትም አሽከርካሪው ለማስተካከል የተሻለ ዕድል አለው።

ሁለተኛው ተማሪዎች የሚያዘወትሩት እስከ 50 ሲሲ የሚደርሰው ነው። የሚኒሶታ ሕግ ይህን በደልዳላ መንገድ በሰዓት ከ30 ማይል የማይበልጥ ብሎ ይገልጸዋል፤ በተራ የመኪና መንጃ ፈቃድም ይነዳል። በዚህ ዓይነት ላይ ኤቢኤስ ማግኘት ከባድ ነው። አንዳንዶቹ ላይ የሚገኘው ‘ሲቢኤስ’ የሚባለው ጥምር ፍሬን ነው። ሲቢኤስ አንዱ እጀታ ሲያዝ ኃይሉን ለሁለቱም ጎማዎች ያከፋፍላል እንጂ ጎማ እንዳይቆለፍ አይከላከልም። ስማቸው ስለሚቀራረብ ገዢዎች ያምታቷቸዋል።

ሦስተኛው በሚኒያፖሊስ ከ2018 ጀምሮ በየመንገዱ ዳር በኪራይ የሚገኘው፣ ቆመው የሚነዱት የኤሌክትሪክ ስኩተር ነው። በዚህ ላይ ዋናው ስጋት የጎማው ትንሽነት ነው። መኪና ሳይሰማው የሚያልፈው ጉድጓድ ትንሹን ጎማ ጨርሶ ሊያቆመው ይችላል፤ ይህን ደግሞ የትኛውም የፍሬን ሥርዓት አይከላከልም።

በመንትያዎቹ ከተሞች ጎዳና ላይ

ሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል ለሁለት ጎማ ተሽከርካሪ አስቸጋሪ መንገድ አላቸው። ክረምቱን በሙሉ በበረዶው ላይ የተበተነው አሸዋና ጨው በረዶው ሲቀልጥ በመስቀለኛ መንገዶችና በመታጠፊያዎች ጥግ ተከማችቶ ይቀራል። ውኃ በስንጥቁ ገብቶ ሲረጋና ሲቀልጥ አስፋልቱን ስለሚፈነቅለው የጸደይ ጉድጓዶች ይበዛሉ። ስንጥቆቹን ለመድፈን የሚፈስሰው ጥቁር ማሸጊያ ደግሞ በበጋ ሙቀት ይለሰልሳል፤ በዝናብም ጊዜ ያንሸራትታል።

የባቡር ሐዲዱም አለ። በ2004 ሥራ የጀመረው ሰማያዊው መስመርና በ2014 የተከፈተው ሁለቱን መሐል ከተሞች በዩኒቨርሲቲ አቬኑ በኩል የሚያገናኘው አረንጓዴው መስመር በብዙ ቦታ የተሽከርካሪ መንገድ ያቋርጣሉ። እርጥብ ብረት ጎማ የመያዝ አቅሙ እጅግ አነስተኛ ነው።

ፍሬን ይዞ ሳለ ጎማው ድንገት ከደረቅ አስፋልት ወደ እርጥብ ቀለም፣ ወደ ሐዲድ ወይም ወደ ስስ አሸዋ ሲሸጋገር ኤቢኤስ ዋጋውን የሚመልሰው ያኔ ነው። ግፊቱን በቅጽበት ያቀልላል፤ ጎማው አስፋልቱን መልሶ ሲያገኝ ኃይሉን ይመልሳል። የሰው እጅ በዚያ ፍጥነት ይህን ማድረግ አይችልም።

ከሐምሌ 1፣ 2025 ጀምሮ ደግሞ የሚኒሶታ ሕግ ሞተር ሳይክሎች በቆሙ ወይም ቀስ ብለው በሚሄዱ መኪኖች መስመር መካከል እንዲያልፉ ፈቅዷል። ፍጥነታቸው በሰዓት ከ25 ማይል፣ ከመኪኖቹም ፍጥነት ከ15 ማይል በላይ መብለጥ የለበትም። ሁለቱን ከተሞች በሚያገናኘው በ94 ቁጥር አውራ ጎዳና በሥራ መውጫ ሰዓት በሰልፉ መካከል የሚያልፍ አሽከርካሪ፣ አንድ መኪና ሳያመለክት መስመር ቢቀይርበት በጥቂት ሜትሮች ውስጥ ቀጥ ብሎ መቆም ይኖርበታል።

ኤቢኤስ የማይረዳው መቼ ነው?

ኤቢኤስ መሬቱ ያልሰጠውን ጭብጥ አይፈጥርም። በበረዶ ግግር ላይ ማንም አያቆምም። ጥልቅ በሆነ ልቅ አሸዋ ወይም ጠጠር ላይ ደግሞ የተቆለፈ ጎማ አፈሩን ከፊቱ እየገፋ ቶሎ ሊቆም ስለሚችል፣ ኤቢኤስ የማቆሚያውን ርቀት ሊያስረዝመው ይችላል። ለጥርጊያ መንገድ የሚሠሩ አንዳንድ ሞተር ሳይክሎች ኤቢኤሱን የሚያጠፋ ማብሪያ የተገጠመላቸው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ገደብ ኩርባ ነው። ተራው ኤቢኤስ የተሠራው ቀጥ ብሎ ለሚሄድ ተሽከርካሪ ነው። በመታጠፍ ላይ ተጋድሞ ያለ ጎማ ጭብጡን ለመታጠፍና ለመቆም ስለሚያካፍለው፣ ፍሬን በኃይል ሲያዝ መሣሪያው ከመድረሱ በፊት ሊያመልጥ ይችላል። ባለፉት አሥር ዓመታት በውድ ሞዴሎች ላይ የተስፋፋው ‘የኩርባ ኤቢኤስ’ የተሽከርካሪውን ማዘንበል እየለካ ግፊቱን ይመጥናል፤ በርካሽ ስኩተሮች ላይ ግን ብዙም አይገኝም።

ሦስተኛው ገደብ የሌሎች አሽከርካሪዎች ስህተት ነው። በአሜሪካ ሞተር ሳይክልና ሌላ ተሽከርካሪ ተጋጭተው ሞት ካስከተሉት አደጋዎች ከአሥሩ አራት ያህሉ ሌላኛው ተሽከርካሪ ወደ ግራ ሲታጠፍ የሚደርሱ ናቸው። መኪናው ከአምስት ሜትር ርቀት ላይ ከታጠፈ የትኛውም ፍሬን አያድንም። ከመስቀለኛ መንገድ በፊት ፍጥነት መቀነስና በሚታይ ቦታ መሄድ አሁንም ተኪ የለውም።

ሄልሜትም እንዲሁ። የሚኒሶታ ሕግ ሄልሜት እንዲያደርጉ የሚያስገድደው ከ18 ዓመት በታች የሆኑትንና የልምምድ ፈቃድ የያዙትን ብቻ ነው። ሕግ አላስገደደም ማለት ግን ጭንቅላት አስፋልትን ይችላል ማለት አይደለም።

አገር ያስገደደውና ለገዢ የተተወው

የአውሮፓ ኅብረት ከ125 ሲሲ በላይ የሆኑ አዳዲስ የሞተር ሳይክል ሞዴሎች ከ2016 ጀምሮ፣ በአዲስነት የሚሸጡት ሁሉ ደግሞ ከ2017 ጀምሮ ኤቢኤስ እንዲኖራቸው አስገድዷል። ከ50 እስከ 125 ሲሲ ላሉት ኤቢኤስ ወይም ጥምር ፍሬን ይፈቀዳል። በሕንድም ከ125 ሲሲ በላይ የሆኑት ሁሉ ከሚያዝያ 2019 ጀምሮ ኤቢኤስ እንዲኖራቸው ተደንግጓል። ጃፓንና አውስትራሊያም ተመሳሳይ መንገድ ተከትለዋል።

በአሜሪካ የአውራ ጎዳና ደኅንነት ተቋሙ የፌዴራሉ መንግሥት ኤቢኤስን ግዴታ እንዲያደርግ በ2013 በይፋ ጠይቆ ነበር። ግዴታው ግን አልመጣም።

የዚህ ልዩነት ምሳሌ ለሚኒያፖሊስ ቅርብ ነው። ፖላሪስ የተባለው ኩባንያ ዋና መሥሪያ ቤት የሚገኘው ከከተማዋ በስተ ምዕራብ ባለችው ሜዲና ነው፤ ኩባንያው በ2011 ታዋቂውን የኢንዲያን ሞተር ሳይክል ስም ገዝቶ ለዓመታት አስተዳድሯል። ‘ስካውት’ የተባለው የኢንዲያን ሞዴል በአሜሪካ ኤቢኤስ ያለውም የሌለውም ሆኖ ለዓመታት በተለያየ ዋጋ ሲሸጥ ቆይቷል። ይኸው ሞተር ሳይክል ውቅያኖስ ተሻግሮ አውሮፓ ሲደርስ ግን በአዲስነት ሊሸጥ የሚችለው ከኤቢኤስ ጋር ብቻ ነበር። ይህ ሕግ መጣስ አይደለም፤ በሁለቱ ገበያዎች ሕጉ የተለያየ ስለሆነ ነው። የበርሊን ገዢ ሳይጠይቅ ያገኘውን የሴንት ፖል ገዢ ጠይቆ፣ ከፍሎም መውሰድ ይኖርበታል።

በኢትዮጵያ መንገድስ?

በመንትያዎቹ ከተሞች የሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን አገር ቤት ላሉ ወንድም ወይም እህት ሞተር ሳይክል መግዣ ሲልኩ ጥያቄው አብሯቸው ይሻገራል። በአዲስ አበባ የከተማው አስተዳደር በሐምሌ 2019 ያለ ልዩ ፈቃድ በሞተር ሳይክል መንቀሳቀስን የከለከለው ወንጀልን ለመግታት በሚል እንጂ በፍሬን ምክንያት አልነበረም። በክልል ከተሞችና በገጠር ደግሞ ሞተር ሳይክል ሰው፣ መድኃኒትና ሸቀጥ የሚያደርስ የዕለት ኑሮ መሣሪያ ነው።

ወደ ኢትዮጵያ የሚገቡት ሞተር ሳይክሎች በብዛት የሕንድና የቻይና ሥሪት የሆኑ አነስተኛ ሲሲ ያላቸው ናቸው። የአንድ አገር ሕግ የሚያስገድደው በዚያ አገር ገበያ የሚሸጠውን ስለሆነ፣ የሞዴሉ ስም አንድ መሆኑ ብቻ ኤቢኤስ አለው ለማለት አያበቃም። ገዢው ራሱ ማረጋገጥ አለበት።

ለዝናብ ወራት፣ ለለሰለሰ ኮብልስቶንና ጭቃ ለተበተነበት አስፋልት ኤቢኤስ በሚኒያፖሊስ የሚሰጠውን ጥቅም በባሕር ዳርም ይሰጣል። በጠጠር ቁልቁለት ላይ ግን ከላይ የተጠቀሰውን ገደብ ማስታወስ ይገባል። ሰውና ዕቃ የጫነ ሞተር ሳይክል ለመቆም ረዘም ያለ ርቀት ሊያስፈልገው ይችላል፤ ኤቢኤስ የጎማውን መቆለፍ ይከላከል እንጂ ጭነቱን አያቀልለውም።

ገዢው ምን ማየት አለበት?

አንድ ተሽከርካሪ ኤቢኤስ እንዳለው ለማወቅ በመጀመሪያ የዳሽቦርዱን መብራት ይመልከቱ። ቁልፉ ሲከፈት ‘ኤቢኤስ’ የሚለው ቢጫ መብራት መብራትና ጉዞ እንደተጀመረ መጥፋት አለበት። ጨርሶ ካልበራ ወይም እየነዱ ካልጠፋ፣ መሣሪያው የለም ወይም ተበላሽቷል። ቀጥሎ በፍሬን ዲስኩ አጠገብ ጥርስ ወይም ቀዳዳ ያለውን ቀለበትና ወደ እሱ የሚሄደውን የሴንሰር ሽቦ ይፈልጉ። ያገለገለ ሲገዛ ይህ ፍተሻ የግድ ነው።

ኤቢኤስ ሲበላሽ ተራው ፍሬን ብዙውን ጊዜ መሥራቱን ይቀጥላል፤ ስለዚህ አሽከርካሪው ጥበቃው እንደሌለው ሳያውቅ ሊነዳ ይችላል። ያለቀ የፍሬን ሸራ፣ ያረጀ የፍሬን ዘይትና የላሸ ጎማ የመሣሪያውን ጥቅም ያጠፋሉ። የፍሬን ዘይት በየሁለት ዓመቱ ገደማ መቀየር እንዳለበት ብዙ አምራቾች ይመክራሉ፤ በሚኒሶታ ለዚህ የሚመቸው ጊዜ ተሽከርካሪው ከክረምት ማረፊያው የሚወጣበት ወቅት ነው።

የመጨረሻው ልምምድ ነው። ባዶ የመኪና ማቆሚያ ላይ፣ ሄልሜትና ጓንት አድርገው፣ ቀጥ ብለው በቀስታ እየነዱ ፍሬኑን ጠበቅ አድርገው ይያዙ። እጀታው መንዘር ሲጀምር አይልቀቁት፤ ንዝረቱ መሣሪያው መሥራቱን የሚናገርበት ቋንቋ ነው። ይህን አስቀድሞ ያላወቀ ሰው በአደጋ ጊዜ ደንግጦ እጁን ሊያላላ ይችላል። በግዛቱ የሞተር ሳይክል ደኅንነት ማዕከል በኩል የሚሰጡት የአሽከርካሪዎች ሥልጠናዎችም ለአደጋ ጊዜ አቋቋም ትኩረት ይሰጣሉ።

ወደ መነሻው ጥያቄ ስንመለስ፣ ኤቢኤስ በሞተር ሳይክልም ሆነ በስኩተር ላይ እንደሚጠቅም ማስረጃው ጠንካራ ነው። የማይሞት አሽከርካሪ አይፈጥርም፤ ኩርባውንና የሌላውን ሰው ስህተት አያስተካክልም። የሚያደርገው አንድ ነገር ነው፤ ተራ ሰው በደነገጠባት ሁለት ሰከንድ ውስጥ ፍሬኑን ሳይፈራ እንዲይዝ ያስችለዋል። ሁለቱን ተመሳሳይ ስኩተሮች ፊት ለፊቱ ያገኘ ገዢ በጥቂት መቶ ዶላር የሚገዛው ይህንን ነው።